ዶሮ ላስታቅፍ፣ ማሽን ልግዛ ወይስ ያደገ ጫጩት? ወሎ ውስጥ ቤቱ ጫጩት ማስፈልፈል ለሚፈልግ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከኩታበር ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «እትዬ፣ ደሴ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን አየሁ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት እኔም ስጠይቅ ነበር። ስለዚህ መልሱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠየቅኳት። ስንት ጫጩት ነው የምትፈልጊው? እንቁላሉን ከየት ታመጫለሽ? ከተፈለፈሉ በኋላስ ማን ያሞቃቸዋል? የመጀመሪያውን ወዲያው መለሰች። ሁለተኛውን ትንሽ አሰብ አድርጋ መለሰች። ሦስተኛው ላይ ዝም አለች።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚያ ጋ ነው። መፈልፈል 21 ቀን ነው፤ ማሳደግ ግን ወራት ይፈጃል። በየቤቱ ጫጩት የሚያልቀውም በአብዛኛው ከእንቁላል ከወጣ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ በብርድ፣ በጭልፊት፣ በሸለምጥማጥ፣ በፈንግል በሽታ። ስለዚህ ዘዴ ስትመርጡ የቱ ብዙ እንደሚፈለፍል ብቻ አትዩ። የተፈለፈለውን ማን እንደሚያሳድግላችሁ አብራችሁ አስቡ።

ያሉት መንገዶች አራት ናቸው። ዶሮ ማስታቀፍ፣ የተሠራ የኤሌክትሪክ ማሽን መግዛት፣ በሳጥንና በአምፖል ራስ መሥራት፣ ወይም መፈልፈሉን ትቶ ያደገ ጫጩት መግዛት። አራቱንም ሞክሬአለሁ።

የሐበሻ ዶሮ

ከዶሮዋ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፋት እሷን ስለሆነ። የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 የሚሆን እንቁላል ትጥልና መታቀፍ ያምራታል። ከጎጆዋ አልነሳም ትላለች፣ ሲጠጓት ላባዋን ነፍታ ድምጿን ታወፍራለች፣ እጅ ሲገባ ትነክሳለች። ያኔ ወዲያው ጥሩውን እንቁላል አትስጧት። ሁለት የማትሳሱለት እንቁላል ሥሯ አድርጉና ሁለት ሌሊት ጠብቁ። ካልተነሳች ቆርጣለች ማለት ነው።

እናቴ የምታስታቅፈው በአሮጌ እንቅብ ነበር። ታች አመድ ትነሰንሳለች፣ ከላዩ ጭድ ታደርጋለች፣ መሐሉን በጡጫዋ ጎድጎድ ታደርገዋለች፤ እንቁላሉ ወደ ዳር እንዳይንከባለልና እንዳይቀዘቅዝ ነው። አመዱ ለተባይ ነው። ሃያ አንድ ቀን አንድ ቦታ የምትቀመጥ ዶሮ ተባይ ከወረራት እንቁላሉን ጥላ ትነሳለችና ይህን አትለፉት። እንቅቡ ጨለም ያለ ጥግ ይገባል። ዶሮዋን ወደዚያ የምትወስዳት ሲመሽ ነው። በቀን ከተዛወረች ወደ ድሮ ቦታዋ ትመለሳለች። በሌሊት የገባች ግን ንጋት ላይ እዚያው ትገኛለች። እህልና ውሃ አጠገቧ ይቀመጣል። በቀን አንዴ ተነስታ በልታ፣ ጠጥታ፣ ኩሷን ጥላ፣ አፈር ላይ ተንከባልላ ትመለሳለች። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ብትቆይ አትደንግጡ፤ እንቁላሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ስንት እንቁላል? ለደሴና ለኩታበር ብርድ ከ9 እስከ 12 በቂ ነው። ክንፏ የማይሸፍነው እንቁላል ብቻውን አይበላሽም። በየተራ ወደ ዳር እየወጣ ሌላውንም ያቀዘቅዛል።

ዶሮዋ ማሽን የሚያደርገውን ሁሉ ሳትማር ታደርጋለች። ታገላብጣለች፣ ሙቀት ትጠብቃለች፣ እርጥበት ትሰጣለች። መብራት ቢጠፋ አይመለከታትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተፈለፈሉ በኋላ ክንፏ ሥር ታሳድራቸዋለች፣ ምግብ ታሳያቸዋለች፣ ጭልፊት ሲመጣ ትጮሃለች። ሦስተኛው ጥያቄ በእሷ ተመለሰ ማለት ነው።

ጉዳቷም አለ። ቀኑን የምትመርጠው እሷ ናት። እናንተ ለበዓል ስለፈለጋችሁ አትታቀፍም። ሦስት ሳምንት ታቅፋ፣ ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ጫጩት እየመራች እንቁላል አትጥልም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትሰጠውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ጥላ ትታቀፋለች፣ አሳድጋ እንደገና ትጥላለች። በየጊዜው እንቁላል የሚሸጥ ቤት ይህ ይከብደዋል። ሃምሳ ስልሳ ጫጩት በአንድ ቀን የሚፈልግ ሰውም በአንድ ዶሮ አይሆንለትም። ቦቫንስ ብራውንን የመሳሰሉት የፈረንጅ ዶሮዎች ደግሞ መታቀፉን ከዘራቸው አስወጥተውባቸዋል፤ እነሱን ጠብቃችሁ ጊዜ አታባክኑ።

ማሽኑ

ማሽን የሚጠቅመው ሰው አለ። ከሠላሳ በላይ ጫጩት በአንድ ጊዜ የሚፈልግ፣ የታመነ እንቁላል ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ያለበት ቤት ይጠቀምበታል። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ማሽኑ አልጋ ሥር ይገባል፤ እንዲህ ሆኖ የቀረ ማሽን በብዙ ቤት አይቻለሁ።

ማራገቢያ ያለው ማሽን ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ይሁን። ማራገቢያ የሌለው ከላይ ይሞቃል፣ ከታች ይቀዘቅዛል፤ እሱን በእንቁላሉ አናት ልክ ለክታችሁ ወደ 38.5 አካባቢ አድርጉት። ከተቻላችሁ ባለ ማራገቢያውን ግዙ፣ ልፋቱ ግማሽ ነው። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 ይሁን። እስከ 18ኛው ቀን ማገላበጥ ግድ ነው። ራሱ የሚያገላብጥ ካልሆነ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ በእጅ አገላብጡ። በአንዱ ጎን በእርሳስ ምልክት ካደረጋችሁበት የተገላበጠውና ያልተገላበጠው አይምታታባችሁም።

ማሽኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትመኑ። ርካሾቹ ግማሽ ዲግሪ፣ አንዳንዴ አንድ ዲግሪ ይዋሻሉ፤ አንድ ዲግሪ ደግሞ ለጽንሱ ብዙ ነው። ጨምሮ ከቆየ ቀድመው፣ እግራቸው ደካማ ሆኖ ይወጣሉ። ቀንሶ ከቆየ ይዘገያሉ፣ ገሚሱም ቅርፊቱን ሳይሰብር ይቀራል። መለኪያውን በፈላ ውሃ እፈትሻለሁ የሚል ሰው ገጥሞኛል። ደሴ ላይ ይህ አይሠራም። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ከፋርማሲ የሰው ትኩሳት የሚለካበትን ቴርሞሜትር ግዙ። እሱ የተሠራው ለዚያው 37 አካባቢ ላለ ሙቀት ነውና ማሽኑ ውስጥ ከእንቁላሉ ጎን አስተኙት፣ ሁለቱን ቁጥር አስተያዩ።

ከፍታው ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ወረቀትም ስለዚህ ምንም አይልም። አየሩ ሲሳሳ ከእንቁላሉ ውስጥ ውሃ ቶሎ ይተናል፤ ለጽንሱ የሚደርሰው ኦክስጅንም ያንሳል። ስለዚህ ዝቅ ባሉት በኮምቦልቻ ወይም በከሚሴ የሠራው አያያዝ ደሴ ላይ፣ ይልቁንም ከደሴም ከፍ በሚለው ወገል ጤና ላይ እንዳለ አይሠራም። ደጋ ላይ እርጥበት የሚሰጠውን የማሽኑን ውሃ ትንሽ ጨመር ማድረግ፣ የአየር ቀዳዳውን ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ከፈት ማድረግ ይጠይቃል። ደጋ የኖረች ዶሮ እንቁላልም ከቆላ ከመጣው የተሻለ ይችለዋል፤ እንቁላል ከሰፈር ፈልጉ የምለው አንዱ ለዚህ ነው።

ስለ እርጥበቱ በግምት አትሂዱ፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃችኋል። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከመቶ 11 እስከ 13 ያህል መቀነስ አለበት። የሐበሻ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ነው። ሃያውን አንድ ላይ ስትመዝኑ 800 ግራም ከነበረ በ18ኛው ቀን ወደ 700 መድረስ አለበት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከቀነሰ ውሃ ጨምሩ፣ ካልቀነሰ አጉድሉ።

አሁን መብራት። መጥፋቱ አይቀርም፤ አብሽሩ፣ ሁሉ ነገር ወዲያው አያልቅም። ጽንስ ከመሞቅ ይልቅ መቀዝቀዝን ይችላል። ጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ይዘገያል እንጂ አብዛኛው ይተርፋል። ሙቀቱ ከ40 አልፎ ከቆየ ግን ያልቃል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ የአየር ቀዳዳውን ግን አትድፈኑ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ ከጋቢው ሥር ከማሽኑ ጎንና ጎን አቁሙ።

እኔ በመጀመሪያው ዙር ይህን አላወቅኩም ነበር። ነሐሴ ነበር፣ መብራት ሌሊት ጠፍቶ እስከ ቀትር አልመጣም። በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኑን እየከፈትኩ እንቁላሉን በእጄ እዳስስ ነበር። ያንን ተርፈውልኝ 20ኛው ቀን ደረሱ። ቅርፊቱን መብሳት ጀመሩ፣ ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማል። አሁንም አላስቻለኝም፣ ልርዳቸው ብዬ ከፈትኩ። እርጥበቱ በአንዴ ወጣ። የቅርፊቱ ስስ ልባስ እንደ ደረቀ ወረቀት ላባቸው ላይ ተጣብቆ መዞር አቃታቸው። ምንቃራቸውን በቀዳዳው አውጥተው የሞቱትን ስቆጥር ዘጠኝ ነበሩ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል። ከ18ኛው ቀን በኋላ ማሽኑን አትክፈቱ። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ እስኪወጣ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅበት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባ ነው፣ እየታገለ ብቻ አይደለም። አስኳሉ ሁለት ቀን ያህል ስለሚያቆየው ከወጣም በኋላ እስኪደርቅ እዚያው ይቆይ። መብራት ጠፍቶ ከነበረ 21ኛው ቀን ላይ አልወጣም ብላችሁ አትጣሉ፤ እስከ 23 ጠብቁ።

የሳጥኑ ነገር

በካርቶን ወይም በጣውላ ሳጥን ራስ መሥራት ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ግን አምፖሉ የድሮው ቢጫ፣ የሚያቃጥለው ዓይነት መሆን አለበት፤ አሁን በየሱቁ ያለው ኤልኢዲ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ሙቀቱ ሲደርስ የሚያጠፋ፣ ሲወርድ የሚያበራ ቴርሞስታት ከሌለው ደግሞ አትሞክሩት። ሌሊት አምፖል እያጠፉ እያበሩ 21 ቀን ማደር የሚችል ሰው የለም። ካርቶንና አምፖል እሳት እንደሚያስነሱም አስቡ። እጁ ለኤሌክትሪክ ሥራ የለመደ ሰው ቤት ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን በዚያ ገንዘብ ሁለት የሐበሻ ዶሮ ብትገዙ እመርጣለሁ።

ያደገ ጫጩት

ዓላማችሁ እንቁላል መሸጥ ከሆነ ማስፈልፈሉን ተዉት። ከምታስፈለፍሉት ግማሽ ያህሉ አውራ ይሆናል። ሹል እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ያወጣል የሚባለው አባባል አይሠራም፣ ከእንቁላሉ ቅርጽ ጾታ አይታወቅም። የ45 ቀን ቄብ ስትገዙ ግን ብርዱን ያለፈች፣ የተከተበች ትመጣላችኋለች። ክትባቷን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል አለ፣ በየወረዳው የሚያድሉ ማኅበራትም አሉ፤ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ባለሙያ ብትጠይቁ ያመላክታችኋል። የተዳቀሉትን እንቁላል ግን መልሶ ለማስፈልፈል አትመኙ፤ ልጅ እንደ እናቷ አትጥልም።

እንቁላሉ

የቱንም ብትመርጡ እንቁላሉ ካልሆነ ሁሉም ከንቱ ነው። አውራ ከሌለበት እርባታ የመጣ የሱቅ እንቁላል አይፈለፈልም። ከሰኞ ገበያ የተገዛውም ዕድል ነው፤ መቼ እንደተጣለ፣ ስንት ቀን በፀሐይ እንደዋለ አይታወቅም። ከጎረቤት ለምኑ፣ ወይም የራሳችሁን አጠራቅሙ። ለስምንት አሥር ዶሮ አንድ ደህና አውራ ይበቃል። ከተጣለ ሰባት ቀን ያላለፈው፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀ ይመረጥ። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ፤ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። አይታጠብ። ኩስ ካለበት በደረቁ ፈቅፈቅ አድርጉት፣ በጣም ከቆሸሸ ለምግብ አውሉት።

በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በሞባይል መብራት እዩት። ቀይ የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ከተዘረጋ ሕይወት አለው። ጥርት ብሎ ከታየ አውራ አላገኘውም። የደም ቀለበት ብቻ ካለ ጀምሮ ሞቷል። እነዚህን አውጡ፤ በተለይ ማሽን ውስጥ የገለማ እንቁላል ከፈነዳ ሌላውን ሁሉ ይበክላል።

ከ21ኛው ቀን በኋላ

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ተመለስኩ። የማሽን ጫጩት እናት የለውም። የመጀመሪያውን ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ቴርሞሜትር ባይኖር እነሱን እዩ። ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፣ ወደ ዳር ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው ከተኙ ደህና ናቸው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ ተራራ ሥር ምን እንደሚመስል ለደሴ ሰው አልነግርም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ ማሳደር ግን በጭራሽ አይሁን፣ ጢሱ ባይታይም ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል። መብራት የማያስፈልገው ሄይቦክስ የሚባል ሳጥን አለ፤ ግድግዳው በሳር ወይም በጭድ ተሞልቶ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ያድሩበታል። አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

እኔ አሁን የምጠቀመው ሁለቱን አዳብዬ ነው። ዶሮዎቼ መታቀፍ ሲያምራቸው ያን ቀን ማሽኑንም እሞላለሁ፣ እኩል ይፈለፈላሉ። ሲመሽ የማሽኑን ጫጩቶች አንድ በአንድ ክንፏ ሥር አስገባለሁ። በጨለማ አትቆጥርም፣ ጠዋት ሁሉንም የእኔ ናቸው ትላለች። ለአንዷ ከ15 አላሳልፍም፣ በብርድ ወቅት ደግሞ ክንፏ የሸፈነውን ያህል ብቻ። ጫጩቶቹ ከእሷዎቹ ጋር የአንድ የሁለት ቀን ልዩነት ብቻ ሲኖራቸው ነው ይህ የሚሠራው፤ ሳምንት ያለፈውን ትነክሰዋለች። ሁሉም እኩል መፈልፈላቸው ለፈንግል ክትባትም ይመቻል፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ቀን ቆርጦ ባለሙያ መጥራት ይቀላል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ጫጩት ይጨርሳል። መስከረም መጀመሪያ ላይ የታቀፈ እንቁላል ወሩ ሳያልቅ ይፈለፈላል፣ አውራዎቹም በስድስት ወር ገደማ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ።

የአክስቴ ልጅ ማሽኑን አልገዛችም። ቤቷ ያለችው አንዲት ታቃፊ ነበረች፣ ሌላ ታቃፊ ከጎረቤት በልዋጭ አመጣች፣ እሁድ ማታ ለሁለቱም አሥር አሥር እንቁላል አስታቀፈች። በ7ኛው ቀን በሞባይል መብራት አይታ ጽንስ ያልያዙት ብዙ ከሆኑ የያዙትን ለአንደኛዋ አጠቃላ ለሌላዋ አዲስ ትሰጣለች። ማታ ማታ እየደወለች አልተነሱም ትለኛለች።